ሃያ ቤት ያላት መንደር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በ1999 ዓ.ም. ሁለት ጥንታውያን አገሮች ሕዝባቸውን ቈጠሩ። ኢራን በጥቅምትና በኅዳር ወራት ቈጠረች፤ ኢትዮጵያም በአብዛኛው ክፍሏ በግንቦት ወር ቈጠራዋን አካሄደች። ውጤቱ በታተመ ጊዜ በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት ታየ፤ ልዩነቱም ከብዛቱ ይልቅ በዝርዝሩ ላይ ነበር። የኢራን ቈጠራ እስከ ትንሿ መንደር ድረስ ይወርዳል። በበረሓ ዳር ያለች፣ ስድስት ወይም ሰባት ቤተሰብ ብቻ የሚኖርባት መንደር እንኳ ስሟ፣ የቤተሰቦቿ ቍጥርና የነዋሪዎቿ ብዛት በአንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ በኩል ቈጣሪው በገጠር ከ150 እስከ 200 ቤቶች የሚይዝ የቈጠራ ቦታ ተከልሎለት በእያንዳንዱ ደጅ ደርሷል። በታተመው ሠንጠረዥ ላይ ግን ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ እንጂ ከቀበሌ በታች ያለው ጎጥ በስሙ አይነበብም። መንደሯ ተቈጥራለች፤ አልተጠራችም።

ይህ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለመሐንዲስ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። በሠንጠረዥ ላይ ያልተጠራች መንደር በንድፍ ላይም አትታይምና ነው። የዛሬው ንግግር ርእሰ ጉዳይም ይህችው ያልተጠራች መንደር ናት። ቦታዋ በላይ አርማጭሆ ወረዳ፣ በትክል ድንጋይ ዙሪያ ባለው ደጋ ይሁን። ሃያ ቤትና መቶ ያህል ሰው አላት እንበል። መንደሯ ለስሌት የተወሰደች ምሳሌ እንጂ የአንዲት የተለየች መንደር ታሪክ አይደለችም፤ ሆኖም አገሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንዲቱን በዓይነ ኅሊናው ለማየት አይቸገርም።

ትክል ድንጋይ ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃ በኩል ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የወረዳው ርእሰ ከተማ ናት። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት የሁለቱን አርማጭሆዎች መልክዐ ምድር በትክክል ይገልጣሉ። ከላይ ደጋና ወይና ደጋው በሸንተረርና በገደል ተከፋፍሎ ይቆማል፤ ከታች ቆላው ወደ ሱዳን ጠረፍ ይዘረጋል። ብዙው የአገሩ ውኃ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ እየወረደ ከትልቁ አንገረብ ጋር አትባራ ይገባል፤ በአትባራም በኩል ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ ሸለቆው ሁሉ ይጮኻል፤ ሚያዝያ ሲደርስ ግን ያው ሸለቆ ድምፅ የለውም።

ለአገሩ እንግዳ የሆነ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚደንቀው የመንደሯ አቀማመጥ ነው። ቤቶቹ በሸንተረሩ ጫፍና በትከሻው ላይ ተበታትነው ቆመዋል፤ ምንጩ ግን ከታች፣ ከገደሉ ሥር ነው። «ሰዎቹ ስለ ምን ከውኃው አጠገብ አልሰፈሩም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ መልሱ ሳይጠበቅ ሥራው መጀመሩ ላይ ነው።

መልሱ ግን አለ፤ አንድም ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይይዛል፤ ቤት ቢሠራበት ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ዋልካ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኰማተር አፈር መሆኑን የመሠረት ሥራ የሚያውቁ ሁሉ ያውቃሉ፤ ባላገሩ ግን ላቦራቶሪ ሳያይ ከእነርሱ በፊት ዐውቆታል። ሁለተኛ፣ ለእርሻ የሚሆን መሬት ውድ ነው፤ ስለዚህ ቤት የሚሠራው ማረሻ በማይገባበት ድንጋያማ ሥፍራ ነው። ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጽድና በወይራ ተከብቦ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ሰውም ደወሉ ከሚሰማበት መራቅ አይሻም። አራተኛ፣ ከፍታው ይጠብቃል፤ የሚመጣውን እንግዳም ሆነ ጠላት ቀድሞ ያሳያል።

አምስተኛው ምክንያት ጤና ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የወባ ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ወይና ደጋ ሲያጠቃ፣ የሞተው ሰው ብዛት በግምት 150,000 ደርሶ ነበር። የአርማጭሆ ጎረቤት የሆነው የደምቢያ ሜዳ የወባን ነገር ቀድሞም አሳምሮ ያውቅ ነበር። ታዲያ አባቶች ሸንተረሩን መርጠው የሰፈሩት ውኃ መቅዳት ሳይከብዳቸው ቀርቶ አይደለም። ከታች ያለውን ነገር ከላይ ካለው ድካም ጋር መዝነው ነው። የመንደር አቀማመጥ የመልስ ወረቀት ነው፤ ጥያቄው ያልገባው ሰው መልሱን ስሕተት ነው ብሎ ሊሰርዘው አይገባም።

ወደ መንደሯ ገባ ሲባል ደግሞ ሌላ የምሕንድስና ሥራ ይታያል። ቤቱ ክብ ነው። ምሰሶው መካከል ቆሞ ክዳኑን ይሸከማል፤ ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይለሰናል። የሣሩ ክዳን ውኃ እንዳይቆምበት ቁልቁል ያዘነበለ ነው። ጎታው እህሉን ከነቀዝና ከእርጥበት ይጠብቃል። ጓሮው በአመድና በፍግ ስለሚለማ ከመንደሯ መሬት ሁሉ የሰባው እርሱ ነው፤ ጎመኑ፣ ጌሾውና በርበሬው የሚበቅለውም በዚያ ነው። ስለዚህ ቤት ተነሣ ማለት የለማ ጓሮም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ይህን አንድ ነጥብ ማስታወስ ወደ ኋላ ይጠቅማል።

የዚህች መንደር ጉድለት አንድና ግልጥ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። ለአፈሩ፣ ለእርሻው፣ ለጤናውና ለደወሉ መልስ ተገኝቷል። ለውኃው የተገኘው መልስ ግን የሴት ጀርባ ነው። ቀድሞ በእንስራ፣ ዛሬ በጀሪካን ይሁን እንጂ፣ ከምንጩ እስከ ቤቱ የተዘረጋው የመንደሯ ቧንቧ እናትና ልጃገረድ ናቸው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ወደዚያች በቈጠራ መዝገብ ላይ በስሟ ወደ ተጻፈችው የፋርስ መንደር መመለስ ያስፈልጋል። በፋርስኛ ተናጋሪው የኢራን ደጋ ሰው የሰፈረበትን የለማ ቦታ «አባዲ» ይሉታል። አገሩ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ ከአርማጭሆ ዝናብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ብዙዎቹ መንደሮች ውኃ ከደጃቸው ያልፋል። ምስጢሩ ቃናት የሚባለው የመሬት ውስጥ ቦይ ነው። ከተራራው ሥር የእናት ጉድጓድ ይቈፈራል፤ ከዚያም የመሬቱን ውኃ የሚቀበል፣ በጣም በዝግታ የሚያዘቀዝቅ ዋሻ እስከ መንደሩ ድረስ ይዘረጋል። አፈሩ የሚወጣበትና አየር የሚገባበት ጉድጓድ በየርቀቱ ይወርዳል። ውኃው ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ በራሱ ክብደት ሲፈስ ቈይቶ በመጨረሻ ከምድር ላይ ይወጣል፤ በወጣበትም ቦታ መንደር ይቆማል። በኾራሳን የሚገኘው የጎናባድ ቃናት ርዝመቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የእናት ጉድጓዱ ጥልቀት ከ300 ሜትር ያልፋል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህንንና ሌሎች ዐሥር ቃናቶችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ውኃው ከወጣ በኋላ የሚከፋፈለው በጊዜ ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጐድጓዳ ሳሕን በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሞልቶ እስኪሰጥም ያለው ጊዜ አንድ መስፈሪያ ይሆናል። ክፍፍሉን የሚጠብቅ የውኃ ዳኛም አለ። ይህ ለአማራ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በባህላዊ መስኖ ቦይ ላይ ተራ የሚያስከብረው «የውኃ አባት» የእርሱ ወንድም ነው። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የብልኀት ማነስና መብዛት አይደለም። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በፋርስ ደጋ ውኃው ቀድሞ መንደሩን አስቀመጠው፤ በአርማጭሆ መሬቱና ጤናው መንደሩን አስቀመጡት፣ ውኃውም ከታች ቀረ።

ቃናትን ወደ አርማጭሆ ማምጣት አይቻልም። ቃናት የሚሠራው ውኃ የያዘው መሬት ከመንደሩ በላይ ሲሆን ነው፤ በትክል ድንጋይ ዙሪያ ግን መንደሩ ላይ፣ ውኃው ታች ነው። የአገሩ ዐለት በየደረጃው የተነባበረ ባዛልት ነው። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጠቀውና በበሰበሰው ዐለት ውስጥ ይሰርግና ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያገኝ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ወገብ ወይም ሥር ይፈልቃል። ምንጩ ያለው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ እንዲሆን ማዘዝ አይቻልም። ከፋርስ መንደር የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ የዋሻው ቅርጽ አይደለም። የሚወሰደው ትምህርት የሰው ጀርባ ሳይነካ ውኃ መንደር ድረስ ይግባ የሚለው ዓላማ ነው።

ከዚያው አገር የሚወሰድ ሌላ ማስጠንቀቂያም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በኢራን በሞተር የሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲበዙ የመሬት ውስጥ ውኃው ዝቅ አለና ብዙ ቃናቶች ደረቁ፤ በቃናት ይኖሩ የነበሩ መንደሮችም ተዳከሙ። ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጉድጓዱን የቈፈረው ሰው «ይህች መንደር በምን ትኖራለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ስለ ቈፈረ ነው።

በኢትዮጵያም ያለ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ታይቷል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቍጥር 31 የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ሲወስን፣ ብዙ ጎጦች በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ስለ ሆነ ቤቱን ከቦታው አላነሣውም። ከ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ተጀምሮ ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር የተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ግን ቤቱን አነሣው። ዓላማው ሲነገር መልካም ነበር፤ የተበታተነው ገበሬ በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የቧንቧ ውኃ በቀላሉ ይደርሰዋል የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ፤ ቤቱም በመስመሩ ላይ ተተከለ። የለማው ጓሮ ከኋላ ቀረ፤ እርሻው ራቀ፤ ተስፋ የተሰጠበት ውኃ በብዙ ቦታ ሳይመጣ ቀረ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ፣ በብዙ ሥፍራ ገበሬው የአዲሱን መንደር ቤት አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ደጁ ተመለሰ። ሰውን ወደ አገልግሎቱ መውሰድ ቀላል የመሰለው መጀመሪያውኑ ሰው በዚያ የሰፈረበትን ምክንያት ያልቈጠረ ሰው ስለ ነበር ነው።

ያ ዘመን አለፈ። ነገር ግን የአስተሳሰቡ ቅሪት፣ ያለ ግዴታና ያለ ክፋት፣ በዛሬው የንድፍ ጠረጴዛ ላይ አለ። ለምሳሌ ያህል የገጠር ውኃ አቅርቦት መለኪያን መመልከት ይበቃል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የገጠሩ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው ሁለተኛው ዕቅድ ይህ ተሻሽሎ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆነ። ማሻሻያው የሚመሰገን ነው። ሆኖም አንድ ነገር ቀርቶበታል፤ እርሱም ከፍታ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በደምቢያ ሜዳ ላይና አንድ ኪሎ ሜትር በላይ አርማጭሆ ገደል ላይ አንድ አይደለም።

በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ንድፍ አውጪው ምንጩን ማዕከል አድርጎ ክብ ያዞራል፤ በክቡ ውስጥ የገባው ሁሉ «ተጠቃሚ» ተብሎ ይቈጠራል። በዚያው ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮች በ20 ሜትር ልዩነት ተሥለዋል። በምንጩና በመንደሯ መካከል ዐሥር መስመሮች ቢቈጠሩ የከፍታው ልዩነት 200 ሜትር ነው ማለት ነው። ክቡ ግን መስመር አይቈጥርም።

እንግዲህ ስሌቱ ይሠራ። በቤቱ አምስት ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዱ 25 ሊትር ቢታሰብ በቀን 125 ሊትር ይሆናል። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ስድስት ጊዜ ተመላልሳ እንኳ የቤቱ እመቤት አምስት ሊትር ይጐድልባታል። ስድስት ጊዜ 200 ሜትር 1,200 ሜትር አቀበት ነው፤ እርሱንም 20 ኪሎ ተሸክማ ነው። በሁለት ቀን 2,400 ሜትር ወጣች ማለት ነው። ይህም ከጎንደር ከተማ ከፍታ ተነሥቶ ራስ ደጀን ጫፍ ድረስ የሚደርስ አቀበት ነው። መለኪያው ይህችን ሴት በየሁለት ቀኑ ራስ ደጀንን እንድትወጣ ይጠይቃታል ማለት ነው።

እርሷ ግን ይህን አታደርግም፤ ማንም አያደርገውምና። ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ለአምስቱ ሰው 40 ሊትር፣ ለአንዱ ሰው ስምንት ሊትር ይደርሳል። አህያ ያለው ቤት ትንሽ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀንሰው እጅ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብና ሕፃናትን ፊት ማጠብ ነው፤ ትራኮማና ተቅማጥም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ልጃገረዷም ከትምህርት ቤት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ አንድ ጊዜ ትወርዳለች። በመዝገቡ ላይ ግን መንደሯ በንጹሕ ውኃ ሽፋን ውስጥ ገብታለች። መዝገቡ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው።

አሁን ደግሞ ያው ሥራ በመሐንዲስ ቋንቋ ይነገር። የመንደሯ መቶ ሰዎች በቀን የሚያስፈልጋቸው 2,500 ሊትር ነው። ይህን ውኃ 200 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጕልበት 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በከተማ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚፈጀው ይህን ያህል ነው። የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሁሉ ታስቦ ቢጨመርበት እንኳ የአንድ ሰዓት ምጣድ አይሞላም ወይም ከዚያ እምብዛም አያልፍም። የሃያ ቤት ሴቶችና ልጃገረዶች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበት ሸክም በጕልበት ሚዛን ሲመዘን ይህ ነው። አንድ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በየቀኑ እያከናወነ ይህችን ትንሽ ሥራ ሳይሠራ ቢቀር፣ ከዐቅም ማነስ ይልቅ ዓይን አለማየቱ ይሆናል ምክንያቱ።

መፍትሔው ከምንጩ ይጀምራል። ምንጭ ማጎልበት የታወቀና ርካሽ ሥራ ነው። ዐይኑ ተጠርጎ በጠጠርና በሸክላ አፈር ይታሸጋል፤ የመቀበያ ሣጥን ይሠራል፤ ትርፉ ውኃ ወደ ከብት ማጠጫና ወደ ልብስ ማጠቢያ ይወርዳል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ከበላዩ የጐርፍ መመለሻ ቦይ ይቈፈራል። ባሕር ዛፍ በምንጩ አጠገብ መትከል ግን ውኃውን መስጠት ነው፤ ከተቻለም የነበረው የአገር ዛፍ ተመልሶ ቢተከል ይሻላል። ከሁሉ በላይ ፍሰቱ የሚለካው በመስከረም አይደለም፤ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በመስከረም ምንጭ ሁሉ ባለጸጋ ነው።

ከዚያ በኋላ የማንሣቱ ነገር ይመጣል። የከፍታው ልዩነት መካከለኛ ከሆነና ምንጩ በቂ ፍሰት ካለው፣ በራሱ በውኃው ጕልበት የሚሠራ ፓምፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ1796 ፈረንሳዊው ዦሴፍ ሞንጎልፊዬ የፈለሰፈው ይህ መሣሪያ ሁለት ቫልቮችና አንድ የአየር ጎተራ ብቻ አሉት። ነዳጅ አይጠይቅም፤ የሚወርደው ብዙ ውኃ ሲደናቀፍ ጥቂቱን ወደ ላይ ይገፋል። ለምሳሌ በደቂቃ 60 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ አራት ሜትር ቢወርድ፣ በ60 በመቶ ብቃት 80 ሜትር ከፍታ ላይ በደቂቃ 1.8 ሊትር ያደርሳል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ፓምፑ ሌሊትም አይተኛምና በቀን ወደ 2,600 ሊትር ይሆናል። ይህም የሃያ ቤት ፍጆታ ነው። የቀረው ውኃ ወደ ወንዙ ስለሚመለስ የታችኛው ገበሬ አይጎዳም።

ምንጩ ትንሽ ከሆነና ከፍታው 200 ሜትር ከደረሰ የፀሐይ ኃይል ይመረጣል። ለመቶው ሰው የሚበቃው ምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን በ11 ተኩል ደቂቃ የሚሞላ ነው፤ ሌሊት የሚመነጨው ከታች ይጠራቀማል፣ ቀን በሶላር ይገፋል። አንድ ኪሎ ዋት ያህል ሰሌዳ ለዚህ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግፊቱ ነው፤ 200 ሜትር ማለት 20 ባር ነውና የታችኛው የቧንቧ ክፍል ይህን የሚችል መሆን አለበት። ከላይ ሕዝቡ «ሮቶ» የሚለው አንድ 5,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ቢቆም የሁለት ቀን ውኃ ይይዛል፤ ደመና ቢሆን መንደሯ አትጠማም።

የቤት ክዳኑም መረሳት የለበትም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ሠላሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ፣ ከአምስት አንድ እጁ ባክኖ እንኳ፣ በክረምቱ 24,000 ሊትር ይሰጣል። ይህን ሁሉ ማከማቸት አይቻልም፤ ሆኖም አሸንዳና አንድ ትንሽ ሮቶ ገደሉ በሚያዳልጥበት፣ ምንጩም በጐርፍ በሚደፈርስበት ወራት የመውረዱን ሥራ ያቀልላሉ።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ጥገናው ነው። ከከተማ የሚመጣ ባለሙያና ከሩቅ የሚመጣ መለዋወጫ የሚጠብቅ መሣሪያ፣ መንገዱ የተዘጋ ቀን ቆመ ማለት ነው። መንገድ የሚዘጋውም በክረምት ብቻ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ይህን በግልጥ አሳይቷል። ስለዚህ በዚያች መንደር የሚተከል ማናቸውም መሣሪያ በዚያችው መንደር እጅ ሊፈታና ሊገጠም የሚችል መሆን ይኖርበታል። ዕድር የሚያስተዳድር፣ ደቦ የሚጠራ፣ የመስኖ ተራ የሚያስከብር ኅብረተሰብ ለአንድ ቫልቭ ጎማ መቀየሪያ የሚሆን ገንዘብ መሰብሰብና ሁለት ሰዎችን ማሠልጠን አያቅተውም። የውኃ አባት ከድሮ ጀምሮ አለ፤ የሚያስፈልገው መፍቻ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሣል። አገሪቱ ድሀ ናት፤ ለሃያ ቤት ፓምፕ ከመትከል ይልቅ በቀበሌው ማዕከል ለሁለት ሺህ ሰው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ መቈፈር በነፍስ ወከፍ ይረክሳል ይባላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም የመንገዱን መድረሻ ቀበሌ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለየጎጡ መንገድ መሥራት ዐቅም አይፈቅድምና። ነገር ግን የነፍስ ወከፍ ወጪ ሲሰላ የሚካፈለው የተመዘገበው ሰው ነው ወይስ ውኃውን በእርግጥ የጠጣው ሰው? ከማዕከሉ ጉድጓድ የሸንተረሯ መንደር ሰው ስምንት ሊትር ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ በሊትር ሲሰላ ርካሹ ነገር ርካሽ ላይሆን ይችላል። የሴቷ ጊዜና ጕልበት በሒሳቡ ውስጥ ባዶ ተብሎ መጻፉም የሒሳብ ስሕተት ነው። መንደር ሁሉ ፓምፕ ያግኝ አልተባለም። አንዳንዱን ሜዳ ላይ ያለ ጎጥ የማዕከሉ ጉድጓድ በእርግጥ ያገለግለዋል፤ አንዳንዱን አያገለግለውም። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ መንደሯ በስሟ መታወቅ አለባት።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በማናቸውም የገጠር ውኃ ጥናት ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ። የመጀመሪያው የጎጡ ስምና የቤቱ ብዛት ነው። ሁለተኛው በቤቱና በውኃው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በሜትር ነው። ሦስተኛው በሚያዝያ ወር የተለካ የምንጩ ፍሰት ነው። ይህን ለመሙላት አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ፣ አንድ ጀሪካን፣ ሰዓትና ወደ ሸለቆው ወርዶ የመውጣት ፈቃድ ይበቃል። ወርዶ የወጣ መሐንዲስ የክቡን ዙሪያ ዳግመኛ በዚያው ዓይን አያይም።

የትክል ድንጋይ ስም ትርጓሜ አያሻውም፤ የተተከለ ድንጋይ ማለት ነው። መሐንዲስም ወደ አንድ አገር ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ድንጋይ መትከል ነው፤ ከፍታውን ጽፎበት ሥራውን ሁሉ ከዚያ ይለካል። ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ በከተማ፣ በመንገድ ዳርና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሲተከል ኖሯል። አሁን በሸንተረሩ ላይ፣ ሃያ ቤት ባላት መንደር ደጅ ይተከል፤ አንድም ከምንጩ ዐይን አጠገብ ይተከል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ቍጥር አንዲት እናት በየቀኑ የምታውቀው፣ ሙያው ግን እስከ ዛሬ ያልጻፈው ቍጥር ነው።